የምክትሏ ንክሻ

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ተማሪ ላይ ጮኻ አታውቅም። መጮህ የሚያስፈልግ ነገር ገጥሟትም አያውቅም። ጠዋት በዋናው በር ገብታ በኮሪደሩ ስታልፍ ወሬው ከፊት ከፊቷ እየጠፋ ይሄዳል፤ ሸሚዝ ወደ ሱሪ ይገባል፤ ማስቲካ ይዋጣል። ይህን ሁሉ የሚሠራላት ፊቷ ነበር። የታች መንጋጋዋ ከላይኛው ቀደም ብሎ ወጣ ያለ ነው። አፏን ስትገጥም የታች ጥርሶቿ የላይኞቹን ከፊት ሆነው ይጋርዷቸዋል፤ አገጯም አብሮ ወደፊት ይገፋል። በዚህ የተነሳ ምሳ ምን ልብላ እያለች ስትሄድ እንኳ አንድ ሰው ላይ ልትፈርድ የተነሳች ትመስላለች።

ተማሪዎቹ «መሳቢያ» ይሏታል። ሳይዘጋ የቀረ የጠረጴዛ መሳቢያ ማለታቸው ነው። ታውቃለች፤ ቅርም አይላትም። ከእሷ በፊት የነበረው ምክትል «ትራሱ» ይባል ስለነበር የእሷን ስም እንደ እድገት ነበር የቆጠረችው።

አንድ ቀን መነጽሯን የት እንዳስቀመጠችው ጠፍቷት ዘጠነኛ ክፍል በር ላይ ቆመች። ዓይኗን አጥብባ ክፍሉን ስትቃኝ ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ተነሱና የቤተ ሙከራውን መስኮት የሰበሩት እነሱ እንደሆኑ ተናገሩ። ምክትሏ መስኮት መሰበሩን ገና መስማቷ ነበር። መነጽሯ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አነሳችውና፣ «ከምሳ በኋላ ቢሮ ኑ» ብላ ወጣች።

ቤተሰቡም በዚህ ፊት ይገለገል ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ጀምሮ ሲጠፋ፣ ጎረቤት ሲያስቸግር፣ ታላቅ ወንድሟ ይደውልና፣ «እስቲ አንቺ ብቅ በይ» ይላታል። ብቅ ትላለች። ብዙ ጊዜ ብቅ ማለቷ ብቻ ይበቃል፤ አፏን ሳትከፍት ነገሩ ያልቃል። «የአባታችንን አገጭ የወረሰችው እሷ ናት» ይላል ወንድሟ ለሰው ሲያስተዋውቃት። አባታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው በልጅነታቸው ከእሳቸው ፊት ቁጭ ብለው ምሳ ሲበሉ የማኘክ ድምፅ እንኳ አያሰሙም ነበር።

በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ ጥሬ ካሮት ስትበላ፣ ከላይኛው የፊት ጥርሷ ጫፍ ስባሪ ወደቀ።

ጥርሷ ሲያስቸግራት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ጠዋት ስትነሳ ራሷን ያማታል፤ ጆሮ ግንዷንም ወጥሮ ይይዛታል። ስታኝክ ከጆሮዋ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። የፊት ጥርሶቿም ጫፍ ጫፋቸው እየተበላ ካጠሩ ቆይተዋል። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የማያወራ ሰው። አንድ ጊዜ እራት ላይ ድምፁን ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «ይሄ ነገር መታየት አለበት» አለ፤ ስለ ሞተር በሚናገርበት አነጋገር። እሷ ግን ይሄ የዕድሜ ነው ብላ ተወችው።

የሰፈሩ የጥርስ ሐኪም ስባሪውን እያየ፣ «እኔ ልሞላልዎት እችላለሁ። ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሰው ይመጣሉ» አላት። «ጥርሱ ዝም ብሎ አልተሰበረም። የታቹ ነው እየመታ የሚሰብረው። አገጣጠሙን የሚያይልዎት ሰው ጋ ይሂዱ።»

አገጣጠም የምታየዋ ሐኪም ክሊኒክ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ በእናቶችና በአሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ተሞልቷል። ምክትሏ ስትገባ ወንበር ላይ የነበሩ እግሮች በሙሉ ወረዱ። ተራ የምትጠራው ልጅ ቀና ብላ፣ «ልጅዎ የታለች?» አለቻት።

«እኔው ነኝ።»

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ጭምብል አድርጋለች። ምክትሏን ስታይ ከጭምብሉ በላይ ዓይኖቿ ሰፉ።

«ቲቸር» አለች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሰባተኛ ቢ» አለች።

«አዎ፣ አስታውሳለሁ» አለች ምክትሏ። አላስታወሰቻትም።

«አያስታውሱኝም። እንዳያዩኝ ብዬ ከምሰሶው ኋላ ነበር የምቀመጠው።»

ምክትሏ በወንበሩ ላይ ወደኋላ ተንጋለለች። ሐኪሟ ትንሿን መስታወት ይዛ ትንሽ ቆመች። «ይክፈቱ» ለማለት ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች። በሥራው መሀል ደጋግማ፣ «አመመዎት?» ትላለች፤ ምክትሏ በእጇ አላመመኝም ትላለች። በአምስተኛው ላይ ሐኪሟ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከፊትዎ ላይ ምንም ማንበብ ስላልቻልኩ ነው» አለች።

ራጅ ተነሳች። ፎቶ ተነሳች። በብረት መያዣ ውስጥ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ጥርሷ ላይ ተጭኖ እስኪጠነክር በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ጠበቀች። በሳምንቱ ስትመለስ የገዛ ጥርሶቿ በነጭ ጀሶ ተሠርተው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከሰው አፍ ውጭ ሲታዩ በጣም ትንንሽ ናቸው።

«ቲቸር፣ መንጋጋዎ ትልቅ አይደለም» አለች ሐኪሟ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልከኛ ነው። በራጁ ላይ ለክቼዋለሁ።»

«የአባቴ ነው እኮ።»

«የአባትዎን አላየሁትም። የእርስዎ ግን ልከኛ ነው። ችግሩ እነዚህ አራቱ ናቸው።» በእስክሪብቶ ጫፍ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ነካች። «ሲበቅሉ ወደ ውስጥ ዘመም ብለው ነው የበቀሉት። የወተት ጥርሶችዎ በጊዜ ሳይወልቁ መንገድ ዘግተውባቸው ይሆናል። አሁን አፍዎን ሲገጥሙ የላይና የታች የፊት ጥርሶች ጫፍ ለጫፍ ይጋጫሉ።» ሁለቱን ጀሶዎች አገናኘች፤ ቀጭ አሉ። «እዚህ ላይ ካቆሙ ማኘክ አይችሉም፤ የኋላዎቹ አይገናኙም። ስለዚህ መንጋጋዎ እንደዚህ ወደፊት ሸሸት ይልና የኋላዎቹን ያገጥማል።» የታቹን ጀሶ ገፋ አደረገችው። ጠረጴዛው ላይ፣ ያለ አካል፣ የምክትሏ ፊት ተቀምጦ ታየ።

«በስንት ጊዜው ነው የሚሸሸው?»

«በገጠሙ ቁጥር። ከሰባት ስምንት ዓመትዎ ጀምሮ። ጡንቻው ስለለመደው አይታወቅዎትም።»

ሐኪሟ የእጅ መስታወት ሰጠቻት። «ምላስዎን ወደ ላንቃዎ ወደኋላ ይጠቅልሉ። አሁን ቀስ ብለው ይግጠሙ። ጥርስ ጥርስን እንደነካ ያቁሙ።»

ምክትሏ እንደተባለችው አደረገች። መስታወቱ ውስጥ፣ መንገድ የጠፋበት ሰው አስቁሞ የሚጠይቃት ዓይነት ሴት ታየቻት። ምክትሏን በዕድሜዋ ማንም መንገድ ጠይቋት አያውቅም። ምላሷን ለቀቀች፤ መንጋጋው ወጣ፤ ሴትዮዋ ጠፋች።

«የአጥንት ቢሆን ኖሮ ስለ ቀዶ ሕክምና ነበር የምነግርዎት» አለች ሐኪሟ። «የእርስዎ በሽቦ ይስተካከላል። ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያማል፤ መብላት ያስቸግራል። ካልተስተካከለ ጥርሶቹ መሰባበራቸውን አይተዉም። ራስ ምታቱ ሊቀልልዎት ይችላል፤ ይጠፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

«ፊቴስ?»

«ፊትዎ ምን?»

«ይቀየራል ወይ?»

«ይቀየራል። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለዚያው ነው።»

«እኔ እሠራበታለሁ» አለች ምክትሏ።

ማታ እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ጉርሻውን እስኪውጥ ጊዜ ወሰደ።

«እኔ ፊትሽን ብዙ አላየሁትም» አለ።

«ሃያ ዓመት?»

«ማለቴ፣ ስትቆጪ የማውቀው በሳህን ነው። ሳህን ስታስቀምጪ ድምፅ ካለው ተቆጥተሻል። ፊትሽማ ሁልጊዜ አንድ ነው።»

ምክትሏ በእጇ የነበረውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባሏ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ።

«አሁን አልተቆጣሽም» አለ።

ወንድሟ ግን አልወደደውም። እሱ በወላጆቻቸው ቤት ከእናታቸው ጋር ይኖራል። እሁድ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ነገሩን ሰምቶ፣ «ሽቦ የልጆች ነው» አላት። «ደግሞ ምን ጎደለሽ? ሰው እንዲህ ያለ ፊት ቢያገኝ።»

እናታቸው ጆሯቸው ከበድ ብሏል። «ምኗን ልታስጠግን ነው?» አሉ ከጥግ።

«ጥርሷን!»

«አጥሯን? አጥሩማ ድሮም መጠገን ነበረበት» አሉ እናታቸው።

ሽቦው ሲገባላት ሐኪሟ ከኋላ በመንጋጋ ጥርሶቿ ላይ ሰማያዊ ጉብታ ነገር ለጠፈችባት። የፊት ጥርሶቿ እንዳይጋጩ አፏን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነው፤ የላይኞቹ በታቾቹ ላይ ተሻግረው እስኪያልፉ ይቆያል። በዚህ ምክንያት አፏ ጨርሶ አይገጥምም። ከንፈሯ ገርበብ ብሎ ቀረ። ልትፈርድ የተነሳች መምሰሏ ቀርቶ የምትናገረው የጠፋባት መሰለች። በዚያ ላይ «ሰ» የምትለው ፊደል ከአፏ አልወጣ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደወትሮዋ መድረኩ ላይ ወጣች። ግቢው ጸጥ አለ።

«ሸልፋችሁን አሽተካክሉ» አለች።

የፊት ረድፍ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዲት መምህርት ዞር ብላ ሰማዩን አየች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በአፍንጫው አፈነው፤ ያመለጠው ድምፅ ግን ግቢውን ሁሉ ሞላው። ምክትሏ ወደዚያ ዞረች፤ ያንን ፊቷን አነጣጠረችበት። ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ነገር በዚህ ቀን አልሠራም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ምክትሏ እጇን አጣምራ ጠበቀች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም። ሳቁ እየበረደ ሲሄድ፣ «ሽቦ ነው» አለች። «ሁለት ዓመት ይቆያል። ሽቃችሁ ሽትጨርሱ ወደ ክፍል ግቡ።»

እንደገና ተሳቀ። ከዚያ ገቡ። ዘግይተው ነው እንጂ ገቡ። ምክትሏ ባዶው ግቢ ውስጥ ቆማ የሚሆነውን ጠበቀች። ምንም አልሆነም።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ፣ እስኪሻላት ድረስ መልእክቷን በጽሑፍ ለጥፋ ብታሳውቅ ምን ይመስላታል አላት። «አልታመምኩም» አለችው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። የምትበላው በማንኪያ የሚዋጥ ብቻ ሆነ። ሽቦው የውስጥ ጉንጯን አቆሰላት። ሌሊት እየነቃች ምላሷን ጥርሶቿ ላይ ታዞርና የሰው ቤት ውስጥ ያደረች ይመስላታል። አራተኛው ወር ላይ አንድ ቀን ሐኪሟ አየቻትና፣ «ተሻገሩ» አለች። የላይኛዎቹ የታቾቹን አልፈው ከፊት ቆመዋል። ሰማያዊው ጉብታ ተነሳ። ምክትሏ አፏን ገጠመች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መንጋጋዋ የትም ሳይሄድ ገጠመ። ከክሊኒኩ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመችና ደጋግማ ገጠመችው። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲወጣ አይቷት እሱም አፏን እያየ አብሮ ገጠመ።

«ሰ» ተመለሰላት። የተማሪዎቹ ፍርሃት ግን አልተመለሰላትም። ያረፈደ ተማሪ ፊቷ ሲቆም ድሮ ሳይጠየቅ ያለፈውን ሳምንት ጥፋት ጨምሮ ይናዘዝ ነበር። አሁን፣ «አሞኝ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ምክትሏ፣ «ምንህን?» ለማለት ተገደደች። እንዲህ ብላ ስለማታውቅ ቃሉ እንግዳ ሆነባት። አንዳንዱ ይዋሻል። አንዳንዱ እውነቱን ይናገርና እውነቱ ረጅም ይሆናል፤ የታመመች እናት አለች፤ ሁለት አውቶቡስ አለ፤ የሚያስፈራ ውሻ አለ። ቢሮዋ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ልጆች መታየት ጀመሩ። ሥራዋ ሁሉ በእጥፍ ዘገየ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን፣ ወንድሟ ደወለ። ጎረቤቱ ያሉት ጡረታ የወጡ ነርስ በግድግዳ ጉዳይ እንደገና ተነስተዋል። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ምክትሏን ልኳት ሴትዮዋን ዝም አሰኝታለች።

«ብቅ በይና ነገሩን ጨርሺው» አላት።

በዚያ ሳምንት ሐኪሟ ሽቦውን አጥብቃላት ነበር። ከላይኞቹ የኋላ ጥርሶቿ ወደ ታችኞቹ የፊት ጥርሶቿ የሚወጠሩ ትንንሽ ላስቲኮችም አድርጋላታለች፤ መንጋጋዋን ወደኋላ የሚይዙ ናቸው። ብዙ ስታወራ ያማታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄዳ የነርሷን በር አንኳኳች።

ነርሷ ከፈቱ። «ቆጣሪ ልታነቢ ነው?» አሉ።

«አይደለም። የጎረቤትዎ እህት ነኝ።»

«የእሱ እህትማ ሌላ ናት። ያቺ እንኳ...» አሉና መዳፋቸውን ከአገጫቸው በታች አድርገው ወደፊት ሳቡት።

«ያቺ እኔ ነኝ።»

ነርሷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አፏን አዩ። የሙያ ዓይን ነበር። «አሃ» አሉ። «ላስቲኩን በቀን ትቀይሪዋለሽ?»

«እቀይራለሁ።»

«ግቢ እንግዲህ።»

አልጋቸው መኝታ ቤቱ መሀል ላይ እንደ ደሴት ቆሟል። ግድግዳው ከጣሪያው ጀምሮ እስከ ወለሉ ጠቁሯል፤ ቀለሙ አብጦ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነስቷል። ነርሷ በጣታቸው ሲነኩት ረገፈ። መስኮቱን ከፍተው አሳዩዋት። የወንድሟ ጣሪያ አሸንዳ አፉን ወደዚህ ግድግዳ አድርጎ ዝናቡን በሙሉ እዚሁ ላይ እየደፋው ነው።

ምክትሏ መልስ ልትሰጥ ፈለገች፤ አፏ አመማት። ስለዚህ አዳመጠች። ነርሷ ነገሩን ከሥሩ ጀምረው ነገሯት፤ አሸንዳው መቼ እንደዞረ፣ ሳሎን ውስጥ ስንት ክረምት እንደተኙ፣ ወንድሟን ስንት ጊዜ እንደለመኑት።

«ለእኔ ለምን ያኔ አልነገሩኝም?» አለች ምክትሏ።

«መጥተሽ በሩ ላይ ቆምሽ። አየሁሽ። 'ምንም የለም' ብዬ ዘጋሁት። ዕድሜዬን ሆስፒታል ነው የሠራሁት፤ የማልናገረው ሰው የለም። አንቺ ላይ ግን ምላሴ ታሰረ።»

ምክትሏ እነዚያን ሁለት ቀናት ደህና አድርጋ ታስታውሳቸዋለች። ወደ ወንድሟ ቤት ስትመለስ ወንድሟ ትከሻዋን መታ አድርጎ፣ «ጎበዝ» ብሏት ነበር።

ወንድሟ ዛሬም በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ዝም አለች?»

«አላሉም። ልክ ናቸው።»

«ማን?»

«እሳቸው። ግድግዳው በስብሷል ጋሼ። አሸንዳውን አዙረው።»

«እኔ የላክሁሽ እኮ ለእኔ እንድትናገሪ ነው።»

«አውቃለሁ። አዙረው።»

ወንድሟ ቀላ። «ያቺ ሐኪም ጥርስሽን ብቻ አይደለም ያላላችው» አለ። ምክትሏ ተናደደች። ስትናደድ የምታደርገውን ልታደርግ ሞከረች፤ መንጋጋዋን ወደፊት ላከችው። ላስቲኩ ይዞ መለሰው። እንደገና ሞከረች። መለሰው። ወንድሟ ምን እያደረገች እንደሆነ ግራ ገብቶት ይመለከታታል።

«አባባ ቢኖር እንዲህ አያደርገኝም ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንዴ ሴትዮዋን ቢቆጣት ይበቃ ነበር።»

እናታቸው በሩ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እስካሁን የሰሙ አይመስሉም ነበር።

«ማን? አባታችሁ?» አሉ። «አባታችሁ እኮ ተቆጥቶ አያውቅም።»

ሁለቱም ዞሩ።

«አንዴም?» አለ ወንድሟ።

«አንዴ ተቆጥቷል፤ ሬዲዮኑን። ዜና ሊሰማ ሲል ባትሪው አልቆበት።» እናታቸው የነጠላቸውን ጠርዝ አስተካከሉ። «ከሥራ ሲገባ እናንተ ከሳሎን ብን ትላላችሁ። እሱ ይቀመጥና፣ 'ልጆቹ የት ሄዱ?' ይለኛል። 'ይፈሩሃል' እለዋለሁ። 'ምን አደረግኋቸው?' ይለኛል። ምን ልበለው? ፊትህ ነው አይባል።»

ምክትሏ ከኩሽናው በር ኋላ ትንፋሿን ይዛ የአባቷን ጫማ ድምፅ የምትከታተልበትን ጊዜ አስታወሰች። ጫማው ሳሎን ይገባል፤ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ይንቋቋል። ያን ጊዜ የምትሰማው ቁጣው ሲሰናዳ ይመስላት ነበር። ሰውየው ልጆቹን እየፈለገ ኖሯል።

ወንድሟ ወደ ጓሮ ሄደና ቆየ። ሲመለስ መሰላል ተሸክሟል። ግድግዳው ላይ አስደግፎት ማንንም ሳያይ፣ «ባልሽን ጥሪው» አላት። «የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ባሏ ከሥራ እንደወጣ መጣ፤ መሰላሉን ይዞ ቆመ፤ አሸንዳው ዞረ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ምክትሏ፣ «አባቴ ተቆጥቶ አያውቅም አሉ» አለችው።

«ታዲያ እናንተ በምን ታውቁት ነበር?»

«በምንም» አለች። ቤት ደርሳ መታጠቢያ ክፍል ገባችና በሩን ቆልፋ አለቀሰች። ስታለቅስ አፏ ትክክል ገጥሞ ነበር።

ሽቦው በተነሳ ቀን ሐኪሟ ለፎቶ ፈገግ እንድትል ጠየቀቻት። ምክትሏ ሞከረች።

«ትንሽ ጨመር ያድርጉት።»

ጨመረች።

«ያማል?»

«አያምም። ይሄው ነው።»

«ይበቃል፣ ይበቃል» አለች ሐኪሟና ቶሎ አነሳቻት። ከዚያ ማታ ማታ የምታደርገው እንደ ብርጭቆ የጠራ ስስ ፕላስቲክ ሰጠቻት። ጥርስ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ስለሚወድ በዚህ ነው የሚያዘው፤ መቼ ነው የማቆመው ብላ ብትጠይቅ፣ «አያቆሙትም» ተባለች። ጥርሶቿ በምላሷ ሲነኩ እንደ ታጠበ ሳህን ያዳልጣሉ። ራስ ምታቱ ከነጭራሹ አልጠፋም፤ ግን መምጫውን ረስቶ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል።

በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ፣ የሥነ ሥርዓት ነገር ለስፖርት መምህሩ ቢሰጥ ምን ይመስላታል አላት። ስፖርት መምህሩ ፊሽካ አለው። እሷ ምክትልነቷ እንዳለ ሆኖ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምር፤ የሚያስተምር ሰው ጎድሏል። ምክትሏ ሳትከራከር ተቀበለችው። ከሹመቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድም ተማሪ እጁን አውጥቶ ጠይቋት አያውቅም። በደንብ ስለማስረዳ ነው ብላ ታምን ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ኔጌቲቭ ቁጥሮችን አስተማረች። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል ብላ በሰሌዳው ላይ ጻፈችና አሰመረችበት። ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለምን?»

«ለምን ምን?»

«ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?»

ምክትሏ የተጻፈውን አየች። «ይሆናል» አለች። ድሮ ይህን ስትል ይሆንላት ነበር።

ልጅቷ እጇን አላወረደችም። ከኋላ ሌላ እጅ ወጣ። ከዚያ ሌላ፤ «እኔም አልገባኝም» የሚል ድምፅ ከግራ በኩል መጣ። ምክትሏ ጠመኔውን ይዛ ሁሉንም አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። መልሷን እየጠበቁ ነበር።

ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠፋችው። «ጊዜ ስጡኝ» አለች፤ ወንበሩን ጎትታ ተቀመጠችና፣ ክፍሉ በሙሉ እያያት፣ ማሰብ ጀመረች።